ዜማ እምቢ አለች

ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ
ኅዳር 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለመሪጌታ ወልደ ጻድቅ
ቆላ ድባ

የመድኃኔ ዓለም ሰላም ከቤትዎ፣ ከደቀ መዛሙርትዎና ከደብሩ ጋር ይሁን። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ዓይንዎስ? እኛ ሁላችን፣ ክንዱም ትንሿ አደይም እኔም፣ ክብር ምስጋና ይግባውና ደኅና ነን። የእናንተ ስልክ ከተቋረጠ ወዲህ ድምፅዎን ሳልሰማ አራት ወር አለፈኝ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ ገድሉ በጎርጎራው ጀልባ ላይ ሞተረኛ ነው። የታመነ ሰው ነውና መልስዎን ለእሱ ይስጡልኝ።

አጎቴ፣ የጻፍሁት ለልመና ነው። ትልቋን ልጄን ዜማን ይቀበሉኝ። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። እርስዎ ክርስትና ያነሷት ልጅ ናት። ከአምና ጥምቀት ወዲህ የምናውቃት ልጅ አልሆነችም። ጫማሽን አድርጊ ስላት ታወልቃለች። አውልቂ ስላት አድርጋ ትተኛለች። ለእያንዳንዱ ቃሌ መልስ አላት። መምህሯ ተነሺ ቢላት ተቀምጣ ቀረች፤ ርእሰ መምህሩን «እርስዎን ማን ሾመዎት?» አለችው። ጥፋቷን ስንነግራት ጥፋቱ ሁልጊዜ የሌላ ሰው ነው።

ከሁሉ ያስደነገጠኝን ልንገርዎ። አደይ አንድ ቀን አሳበቀችባት። ዜማ ሁለት ሳምንት ሙሉ ዝም ብላ ቆየችና ለአደይ ለበዓል የተገዛላትን ቀሚስ በመቀስ ቆራርጣ፣ አጥፋ፣ ወደ ቦታው መለሰችው። አጎቴ፣ እንዲያ አስተካክላ ማጠፏን ሳስበው እስካሁን ሰውነቴን ይወረኛል።

የሰፈሩ ሰው ዓይነ ጥላ ነው ይላል። ክንዱ ደግሞ «ከመሪጌታ ዘንድ ትሂድና በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ትገረፍ» ባይ ነው። እሱ ኮሌጅ ስንት ጎረምሳ ሲያስተምር ይውላል፤ የራሱን ልጅ ግን አልቻላትም። አሁን እጇን ስለታመመች ከትምህርት ቤት ቀርታ እቤት ነች። እባክዎ ይቀበሉኝ።

የእርስዎ ልጅ
ፀሐይወርቅ

*

ቆላ ድባ
ኅዳር 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለፀሐይወርቅ

ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልሽ። ቤትሽን ከክፉ ይጠብቀው። እኔ ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴ ግን ቅዳሴ ሳይጨርስ እየከዳኝ አስቸግሮኛል። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብሁት።

በመጀመሪያው ንባብ ያየሁት ይህን ነው። ሁላችን ደኅና ነን ብለሽ ስትቆጥሪ ዜማን ዘለልሻት። ተሳስተሽ ነው ብዬ አለፍሁ። በሦስተኛው ግን ፈራሁ።

የላክሽልኝ ክስ ነው፤ ልጅቷን አላየሁበትም። እስኪ የምጠይቅሽን መልሺልኝ። ይህ ጠባይ ከሁሉ ሰው ጋር ነው ወይስ ከእናንተ ጋር ብቻ? እሺ የምትለው አንድ ሰው የለም? እንቅልፏ እንዴት ነው? ትምህርቱን ትችለዋለች? በአምና ጥምቀት ሰሞን ቤታችሁ ውስጥ ምን ሆነ?

እጇንስ ምን ሆና ነው?

እነዚህን ሳልሰማ ነይ አልላትም፤ አትምጣም አልልም። አደይን ሳሚልኝ። ዜማንም ሳሚልኝ፤ እምቢ ካለች መሪጌታ ሰላምታ ልኮልሻል በያት።

አባትሽ
ወልደ ጻድቅ

*

ባሕር ዳር
ታኅሣሥ 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

እንደምን ሰንብተዋል? መልሴ ስለዘገየ ይቅር ይበሉኝ። ፋብሪካው የጥራት ምርመራ ላይ ሰው ስላጎደለ ሁለት ፈረቃ እየሠራሁ ነው።

ለጠየቁኝ፤ እጇን ከደረጃ ወድቃ ነው። አሁን ድናለች።

እንቅልፏ ጥሩ ነው። ትምህርቱን ትችላለች፤ ሲያሻት አንደኛ ትወጣለች፣ ሳያሻት ባዶ ወረቀት ትሰጣለች። ጸሎት የምትባል የአማርኛ መምህርት አለች፣ እሷን አንዳንዴ እሺ ትላለች። በጥምቀት ሰሞን የሆነ ነገር የለም። ክንዱ ከዱርቤቴ ሲመጣ መንገድ ላይ ተኩስ ገጥሞት ሁለት ቀን ጠፍቶብን ነበር፤ ግን በሰላም ገብቷል።

አጎቴ፣ ጥያቄውን ይተዉትና የማክሰኞውን ልንገርዎ። እኔና ዜማ ከገበያ ስንመለስ መንገድ ላይ ፍተሻ ነበር። ሰው ሁሉ ተሰልፎ ቦርሳውን እየከፈተ ያልፋል። ተራችን ሲደርስ ወታደሩ «ቦርሳሽን ክፈቺ» አላት።

«አልከፍትም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«አልከፍትም። የኔ ነው።»

ከኋላችን የነበረው ሰው አንድ እርምጃ ሲሸሽ በጆሮዬ ሰማሁት። ወታደሩ ልጅ እግር ነው፤ ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ በሁለት እጁ ያዘው። «ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምልሽ» አላት። እሷ ዓይን ዓይኑን እያየች ቦርሳውን ደረቷ ላይ አቀፈችው። እኔ በጉልበቴ ተንበረከክሁ። ከእጇ መንጭቄ ዚፑን ቀድጄ መንገዱ ላይ ዘረገፍሁት። ሁለት ደብተር፣ እስክሪብቶና የተላጠ ብርቱካን ነበር። በቃ ይኸው ነው።

ወታደሩ ብርቱካኑን አየና «ልጅሽን አስተምሪ» አለኝ። «ሌላ ሰው ቢሆን...» ብሎ ሳይጨርስ ተወው።

በር ላይ ስንደርስ «ለምን አዋረድሽኝ?» አለችኝ። አጎቴ፣ ልጄን እንዳይገድሏት ተንበርክኬ፣ እሷን ያዋረድሁ እኔ ሆንሁ! ክንዱ ሲሰማ ዕቃ ቤት አስገብቶ ቆለፈባት። ውስጥ ሆና በሩን በእግሯ ስትመታ ዋለች።

አሁን እርስዎ ካልተቀበሉኝ ወደ ሌላ እሄዳለሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ ሰው አስረው የሚያጠምቁበት ጠበል አለ ብለውኛል። ከልደት በኋላ እወስዳታለሁ። እዚያ ብትታሰር ቢያንስ አትሞትብኝም።

ፀሐይወርቅ

*

ቆላ ድባ
ጥር 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ፀሐይወርቅ

የልደቱ ብርሃን በቤታችሁ ላይ ይውጣ። ደብዳቤሽ ገና ትናንት ደረሰኝ፤ ገድሉ ጀልባው ተበላሽቶበት ጎርጎራ ከርሟል። እንግዲህ ወስደሻት እንደሆነ ይህን ስታነቢ ተነሥተሽ አውጫት። አልወሰድሻት እንደሆነ አትውሰጃት።

ጠበልን የምነቅፍ ሰው እንዳልሆንሁ ታውቂያለሽ። ዕድሜዬን በቤተ መቅደስ የጨረስሁ ሰው ነኝ። ጠበል ይባርካል። ሰንሰለቱ ግን የጠበሉ አይደለም።

ለማንም ያልነገርሁትን ልንገርሽ። መርስዔ ኀዘን የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረኝ። ወንድሜ፣ የወለደሽ አባትሽ፣ ገና ሳይወለድ ነው፤ ስሙን ሰምተሽ አታውቂም። ቆሎ ተማሪ ሆነን አብረን ወጣን፤ እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ፣ እሱ አሥራ ሁለት። ቀጽል፣ ትምህርቱን ድገም ሲሉት ዝም፣ ዝም በል ሲሉት ይቀጽላል። ለየኔታ እንኳ መልስ ነበረው። መከሩት፣ ገረፉት፣ አልሆነም። አንድ ቀን እግረ ሙቅ ይግባለት ተባለና ብረቱ መጣ። እግሩን የሚይዝ ሰው ሲፈለግ እኔ ያዝሁት። ይራገጣል፣ እኔ እጫነዋለሁ። «ወንድሜ፣ አንተም?» አለኝ። ሌላ ቃል አልተናገረም።

አሥራ አንድ ቀን ታሰረ። ብረቱ ሲወልቅለት ጨዋ ሆነ ብለን ተደሰትን። በሳምንቱ የገበያ ዕለት ከሰው ጋር ተቀላቅሎ ሄደ፤ በዚያ ሰዓት ከዓይኔ እንደጠፋ እስከ ዛሬ ጠፋ። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሆነው። እናቴ ውሻ በጮኸ ቁጥር እየወጣች መንገድ ስታይ ሞተች። የያዝሁት እኔ መሆኔን አልነገርኋትም።

ስለዚህ ዜማን ለመገረፍ ወደ እኔ አትላኪያት።

በጤና ጣቢያችን የአእምሮ ሕክምና ነርስ አለች፣ ሲስተር የሺአረግ ትባላለች። ስም ሳልጠራ ደብዳቤሽን ነገርኋት። እንዲህ አለችኝ፦ «መሪጌታ፣ ልጅ ሁሉ እምቢ ይላል። ሲርበው፣ ሲደክመው፣ ሲጎረምስ እምቢ ይላል፤ ያ ያልፋል። ከስድስት ወር በላይ ሳያባራ ሲቀጥል፣ ቁጣው ቶሎ ቶሎ ሲነሣ፣ ከትልልቅ ሰዎች ጋር ሙግቱ የዕለት ተዕለት ሲሆን፣ ሰውን ሆን ብሎ ሲያበሳጭ፣ ቂም ይዞ ሲበቀል፣ ከዚህም አልፎ ቤቱና ትምህርቱ ሲናጋ ግን ያ ሌላ ነው። ሐኪም የሚያውቀው የእምቢተኝነት ሕመም አለ። ከሥሩም ሌላ ነገር ሊኖር ይችላልና መመርመር ነው።» እኔም መርስዔን አስቤ ወደ ግድግዳው ዞርሁ። ባሕር ዳር ሆስፒታል ውስጥ ልጆች የምታይ ሐኪም አለች ብላኛለች፤ ዶክተር ፅጌ ማርያም ትባላለች። ሂጂ። ክንዱም ይሂድ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ቤታችሁን ስትገቡበት እኔ ነኝ የባረክሁት፤ ክፍል ለክፍል ዞሬ ጠበል ረጭቻለሁ። ልጄ፣ ቤታችሁ ደረጃ የለውም።

ወልደ ጻድቅ

*

ባሕር ዳር
ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ይድረስዎ። ከዚህ የረዘመ ሰላምታ መጻፍ ዛሬ እጄ አልታዘዘኝም።

ጠበሉ ጋ አልወሰድኋትም። ዕቃዋን ሸክፌ ነበር፤ ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ፈታሁት።

ሆስፒታል ሄድን። ዶክተር ፅጌ ማርያም ድምፅዋ ለስላሳ የሆነ፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት። መጀመሪያ ዜማን ለብቻዋ አነጋገረቻት፣ ከዚያ እኔንና ክንዱን። ለትምህርት ቤቱም መጠይቅ ላከች። መቼ ጀመረ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ ነው፣ ከማን ጋር ይብሳል፣ ቁጣው ከየት ተነሥቶ የት ይቆማል ትላለች። እንስሳ ታሠቃያለች ወይ? አይ። ትሰርቃለች? አይ። ያለምክንያት ትፈራለች? እኔ አይ አልሁ። ክንዱ ግን ድንገት «እኔ ስዘገይ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች፤ ስገባ ትሰድበኛለች» አለ። ይህን አላውቅም ነበር አጎቴ። ተኩስ ገጥሞት ከጠፋብን ቀን ወዲህ ነው አለ።

ዶክተሯ ጻፈችና «እጇ ላይ የተሰበረና የተጠገነ አጥንት አለ። ምን ሆና ነው?» አለች።

ክንዱ መሬት መሬት ያያል። እርስዎ እሱ ነው ብለው እንዳሰቡ አውቃለሁ፤ ዶክተሯም እሱን ነበር የምታየው። እሱም ዝም አለልኝ፤ ሊሸከምልኝ ነው።

«እኔ ነኝ» አልሁ።

አጎቴ፣ እኔ ነኝ። ያን የተቆረጠ ቀሚስ ባየሁ ቀን ነው። መቀሱን አምጪ አልኋት፣ እምቢ አለች፤ እጇን ይዤ ጠመዘዝሁት። ሲንቋቋ ሰማሁት። ከሰማሁ በኋላም ወዲያው አልለቀቅሁም። ይህን ነው መጻፍ ያቃተኝ። እሷ አልጮኸችም፤ ዓይኔን እያየች «ጨርሺው» አለችኝ። የምፈራው እሷን እንደሆነ ጻፍሁልዎ እንጂ የገዛ እጄን እንደምፈራ አልጻፍሁም።

ዶክተሯ አልጮኸችብኝም። «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት እጅ አይነሣም። ስለሌላው ሁሉ እንነጋገራለን፣ ስለዚህ ግን አንነጋገርም» አለች። ሕመሙ የሺአረግ ያለችው ነው። መድኃኒቱ ክኒን ሳይሆን በየሳምንቱ እየመጣን እኛ ወላጆቹ የምንማረው ነገር ነው አለችን። ያኔ ክንዱ ብድግ አለ። «ልጅቷ ታመመች ብለን መጣን፣ ተማሪዎቹ እኛ ሆንን?» ብሎ በሩን ወርውሮት ወጣ። ዜማ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ሁሉን ሰማች።

ከዚያ ቀን ወዲህ አትቆጣም፣ አትሟገትም። አዎ ትላለች፣ ትታዘዛለች። ይህ ከእምቢታዋ ይልቅ አስፈርቶኛል።

ፀሐይወርቅ

*

ባሕር ዳር
የካቲት 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

አጎቴ

ዜማ ጠፋች። ትናንት ጠዋት ለትምህርት እንደወጣች አልደረሰችም። ጸሎት ናት ደውላ የነገረችን። ወደቡ ጋ ጠየቅን፣ ጀልባው ጠዋት ሄዷል ይላሉ፤ ገድሉ ሳይነግረኝ አያሳፍራትም ብዬ አሰብሁ። ክንዱ ከድልድዩ ጀምሮ የሐይቁን ዳር በደንገሉ ውስጥ እየረገጠ ሲፈልግ ዋለ፣ ጭቃው እስከ ወገቡ። ምን እንደሚፈልግ ልጠይቀው አልደፈርሁም።

ሣጥኔ ተከፍቷል። የእርስዎ ደብዳቤዎች የሉም።

ይህን በእህል ነጋዴ በየብስ ልኬዋለሁ። ከእርስዎ ዘንድ ናት ይበሉኝ። እባክዎ ናት ይበሉኝ።

*

ቆላ ድባ
የካቲት 7 ቀን 2016 ዓ.ም.

ፀሐይወርቅ፣ ዜማ እዚህ ናት። ደኅና ናት። አንድም ነገር አልሆነችም። ሰላምታውን ኋላ አደርሰዋለሁ።

ጀልባው መንገድ ላይ ሁለት ሌሊት አድሮ ትናንት ከቀትር በኋላ መጣች። ገድሉን እናቴ ልካኝ ነው ብላዋለች፤ ደብዳቤ ሲያመላልስ ስለኖረ አመናት፤ አሁን ይህን ይዞ እየሮጠ ነው፣ አትቆጪው። ከጎርጎራ ባጃጅ አሳፈራት። እኔ ከዛፉ ሥር ተቀምጬ ልጆቹን አስቀጽላለሁ። አንዲት ቀጭን ልጅ ቦርሳ አንግታ ከፊቴ ቆመች።

«መሪጌታ ወልደ ጻድቅ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«የወንድምዎን እግር የያዙት?»

ተማሪዎቼ ቀና አሉ። ሃምሳ ስምንት ዓመት የደበቅሁትን በልጅ አፍ ሰሙ።

«አዎ» አልኋት።

«ለምን ያዙት?»

«የኔታን ፈርቼ።»

«ፈሪ ነዎት።»

«ነኝ» አልሁ።

ቆማ ጠበቀች። እንድቆጣት፣ እንድገሥጻት፣ ምናልባትም እንድመታት ነበር የጠበቀችው። የተናገረችው ግን እውነቱን ነው። ኋላ «ርቦኛል» አለች። የሽምብራ ሽሮ ነበረን፣ ሁለት ሰው የሚበቃውን በላች። እናቴ ልታስረኝ ነው ብላ ፈርታ የእኔን ደብዳቤ ማንበቧን፣ ከዚያ እኔን ልታየኝ መፈለጓን የነገረችኝ ከበላች በኋላ ነው።

መልአክ ሆነች ብዬ አልዋሽሽም። ዛሬ ጠዋት ከሳቀባት ተማሪ ጋር ተጣልታ ቀለሙን ብራናው ላይ ደፋችበት። ለሦስት ወር የጻፈው ነው፣ ልጁ አለቀሰ። እጄ ተነሣ ልጄ፤ እኔም እንዳንቺ እጅ አለኝ። የሺአረግን አስጠራኋት። «ትእዛዙን ያሳጥሩት፤ አንድ ጊዜ ይናገሩና ዝም ይበሉ። ያበላሸችውን እንድታስተካክል ሁለት መንገድ ይስጧት፤ እርስዎ አይምረጡላት፣ ራሷ ትምረጥ» አለችኝ። «ብራናውን ትፍቂያለሽ ወይስ አዲስ ቀለም ትበጠብጫለሽ?» አልኋት። ሁለቱንም እምቢ አለች። ዝም አልሁ። ከሰዓት በኋላ ለቀለሙ የሚሆን ጥላሸት ስትፈጭ አገኘኋት። «ጥሩ ፈጭተሻል» አልሁ እንጂ አልጨመርሁም።

የሺአረግ በሚቀጥለው ሳምንት ለሥልጠና ባሕር ዳር ትመጣለች፣ ዜማም አብራት ትመጣለች። ዜማ እሄዳለሁ ያለችው በአንድ ነገር ነው። ለአባቷ እንድጽፍ ጠይቃኛለች፦ ሲዘገይ የት እንዳለ ይናገር ብላለች።

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን፤ ለአራታችሁም።

ወልደ ጻድቅ

*

ባሕር ዳር
ሰኔ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

የዚህ የክረምት መግቢያ ዝናብ በእናንተ ዘንድ የምሕረት ይሁን። እኛ አራታችን በሕይወት አለን።

ብዙ ጊዜ ሳልጽፍ የቆየሁት የምጽፈው መልካም ነገር እስኪሞላልኝ ስጠብቅ ነው። አልሞላም። ሆኖም እጽፋለሁ።

ክንዱ ዶክተሯ ዘንድ ይመጣል። መጀመሪያ ላይ በሩ አጠገብ፣ ሊወጣ እንደተዘጋጀ ሰው ይቀመጥ ነበር፤ አሁን ወንበሩን ትንሽ አስገብቷል። ሲዘገይ ደውሎ የሚናገረው ለእኔ ሳይሆን ለዜማ ነው። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከበሩ ላይ ነቅሎታል፤ ቀዳዳው እንዳለ ነው። እኔ አንድ ነገር አንድ ጊዜ መናገር እየተማርሁ ነው። ከባድ ነው አጎቴ። ምላሴ ሃያ ጊዜ መደጋገም ለምዷል።

በሚያዝያ ከትምህርት ቤት ሦስት ቀን ታግዳ ነበር። ባለፈው ሳምንት አደይን ገፍታ ጥርሷን አደማቻት። ዶክተሯ ይህ የዓመት ሥራ ነው፣ አንዳንዴም የብዙ ዓመት ነው ብላናለች። ሁለተኛ ጊዜ አብረን ፍተሻ ላይ ስንደርስ «ቦርሳውን ራስሽ ትከፍቻለሽ ወይስ ለእኔ ትሰጪኛለሽ?» አልኋት። እንደሚጠሉት ዕቃ ወደ እኔ ወረወረችው። አለፍን።

ትናንት ከሥራ ስመለስ እሷ ብቻ ነበረች። ሳህን አጥቢ አልኋት፣ አላጥብም አለች። ደግሜ አላልሁም፤ ግን እጆቼን ከጀርባዬ አድርጌ ግድግዳ ተደግፌ ቆምሁ። እንዲህ መቆም ለምጃለሁ፣ ለምን እንደሆነ ያውቃሉ። እሷ እጄን ፈልጋ አጣችው መሰለኝ፣ ብዙ አየችኝ።

«እማ፣ ትፈሪኛለሽ?» አለችኝ።

አይ ልል ነበር። እናት ልጇን ትፈራለች አይባልም።

«አዎ» አልሁ። «አንቺስ?»

«እኔም እፈራሻለሁ።»

ሳህኖቹ አልታጠቡም። እሷ መሬት ላይ ቁጭ አለች፣ እኔም ሄጄ በአንድ ክንድ ርቀት አጠገቧ ቁጭ አልሁ። አልነካኋትም። አልተነሣችም።

ልጅዎ
ፀሐይወርቅ